የፋብሪካውን ቴፕ ሳይነቅሉ አምፕሊፋየር መግጠም፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

የሥራው ወሰን

ከመኪናው ጋር የመጣው ቴፕ ከዳሽቦርዱ አይወጣም። የመሪው ቁልፎች፣ የኋላ ካሜራው ምስልና የማስጠንቀቂያ ድምፆቹ ሁሉ በእሱ በኩል ስለሚያልፉ፣ ቢወጣ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። የሚጨመረው በ4 ኦም ለእያንዳንዱ ቻናል 75 ዋት አርኤምኤስ (ሳይቋረጥ የሚቆይ ጉልበት) የሚሰጥ ባለ 4 ቻናል ክላስ ዲ አምፕሊፋየር ነው። ቻናል 1 እና 2 የፊት በሮቹን አዲስ ስፒከሮች ይነዳሉ፤ ስፒከሮቹ 4 ኦም ሲሆኑ የሚችሉት 60 ዋት ነው። ቻናል 3 እና 4 ብሪጅ ተደርገው (እንደ አንድ ቻናል ተጣምረው) ለአንድ ባለ 10 ኢንች፣ 4 ኦም ሳብዉፈር (የባስ ስፒከር) 200 ዋት ይሰጣሉ። የኋላ በሮቹ ስፒከሮች በቴፑ በራሱ ጉልበት ይቀጥላሉ።

በዚህ ሥራ ብዙ ሰው ሐሳቡን የሚጥለው አምፑ ላይ ነው። አምፑ ግን የተሰጠውን ከማጉላት ሌላ ሥራ የለውም። የፋብሪካ ቴፕ ድምፁን ለራሱ ደካማ ስፒከሮች እንዲስማማ አድርጎ ቀርጾ ነው የሚያወጣው፤ የተቀረጸውን ድምፅ በ200 ዋት ማጉላት ጉድለቱን ነው የሚያጎላው። ስለዚህ አንድም ሽቦ ከመነካቱ በፊት ቴፑ ምን እንደሚያወጣ መታወቅ አለበት። የዚህ ሥራ ግማሽ ጊዜ የሄደውም እዚያ ላይ ነው።

ዕቃ

21 ሚሊሜትር ካሬ (4 ጌጅ) ንጹህ የመዳብ ገመድ 6 ሜትር፦ 5 ሜትሩ ለፖዘቲቭ፣ የቀረው ለግራውንድና ለማስተካከያ። ባለ 50 አምፔር ፊውዝ ከነመያዣው። ባለ 9 ሽቦ የስፒከርና የሪሞት (አምፑ እንዲበራ የሚያዝዝ ሽቦ) ገመድ 6 ሜትር። ለሳብዉፈሩ 2.5 ሚሊሜትር ካሬ የስፒከር ሽቦ 2 ሜትር። ለዚህ ቴፕ ሶኬት የሚሆን ወንድና ሴት ማገናኛ ያለው መካከለኛ የሽቦ ስብስብ። በፊውዝ ሳጥን ላይ የሚሰካ ቅጥያ ፊውዝ። ባለ 47 ኦም፣ 10 ዋት ሬዚስተር ሁለት። የቀለበት ተርሚናሎች፣ በሙቀት የሚኮማተር ቱቦ፣ የጎማ ቀለበት፣ የጨርቅ ናስትሮ። ከመሣሪያ በኩል መልቲሜትር፣ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ኦሲሎስኮፕ (የሞገድን ቅርጽ የሚያሳይ መለኪያ)፣ ተርሚናል መጨፍለቂያ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ የፕላስቲክ መፈልቀቂያና ብርጭቆ ወረቀት።

ገመድ ሲገዛ ጫፉን በቢላ ፋቅ አድርጎ ማየት ይጠቅማል። ከላይ መዳብ ከውስጥ ብርማ ነጭ ከሆነ በመዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ነው። ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ከንጹህ መዳብ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ስለሆነ ያንኑ ሥራ ለመሥራት ወፍራም መሆን አለበት። በዚያ ላይ በብሎን ሲታሰር ከጊዜ በኋላ እየተጨፈለቀ ይላላል።

መለካት፦ ቴፑ ምን ያወጣል?

ቴፑ ከቦታው ሳብ ተደርጎ፣ ሶኬቱ እንደተሰካ ከጀርባው ተለካ። ድምፅ ሳይከፈት እያንዳንዱ የስፒከር ሽቦ ከመኪናው አካል አንጻር 6.5 ቮልት ዲሲ ያሳያል፤ በሁለቱ ሽቦዎች መካከል ግን 0 ነው። ይህ ጤናማ ንባብ ነው። በቴፑ ውስጥ ያለው ማጉያ ሁለቱንም ሽቦዎች ይነዳል፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል። ኔጌቲቭ የሚባለው ሽቦ ግራውንድ እንዳልሆነ ከዚህ ይታወቃል። ከመኪናው አካል ጋር ከተነካካ ወይም ከአምፑ ግራውንድ ጋር ከታሰረ የቴፑ ማጉያ ቺፕ ሊቃጠል ይችላል። ኦሲሎስኮፑም በባትሪው ብቻ እንዲሠራ የተደረገው በዚህ ምክንያት ነው፤ በቻርጀር በኩል ከሌላ ግራውንድ ጋር ከተያያዘ መለኪያው ራሱ ሾርት ያደርጋል።

በዚህ ደረጃ መታየት ያለበት ሌላው ነገር መኪናው ከቴፑ ውጭ የራሱ የፋብሪካ አምፕ ያለው ወይም የሌለው መሆኑ ነው። ካለው ከቴፑ የሚወጣው ሲግናል ደካማ ወይም ዲጂታል ይሆናል፤ ሽቦዎቹም በቀጥታ ወደ ስፒከር አይሄዱም። ቴፑ ተነቅሎ በሶኬቱ በኩል ወደ በሩ በሚሄዱት ሁለት ሽቦዎች መካከል ኦም ሲለካ ለ4 ኦም ስፒከር ከ3 እስከ 4 ኦም መታየት አለበት። እዚህ 3.6 ኦም ታየ፤ የፋብሪካ አምፕ የለም። ቢኖር ኖሮ ሲግናሉ የሚወሰደው ከዚያ አምፕ ማዶ፣ ከስፒከር ሽቦዎቹ ላይ ይሆን ነበር።

ቀጥሎ 0 ዴሲቤል (በቀረጻ ላይ ከፍተኛው መጠን) የሆኑ የ40፣ የ100 እና የ1,000 ኸርዝ ድምፆች ከፍላሽ ተጫወቱ፤ ባስ፣ ትሬብልና ላውድነስ ሁሉ ዜሮ ላይ ናቸው። የቴፑ ድምፅ መጠን እስከ 40 ይሄዳል። የ100 ኸርዙ ሞገድ እስከ 31 ንጹህ ነው፤ እዚያ ላይ 8.1 ቮልት ያወጣል። 33 ላይ የሞገዱ ጫፍ ተቆርጦ ጠፍጣፋ ሆኗል። መልቲሜትር ይህን መቆረጥ አያሳይም፤ ቁጥሩ ዝም ብሎ ይጨምራል።

ዋናው ግኝት ግን 40 ኸርዝ ላይ ነው። ድምፁ 24 ሲሆን 100 ኸርዙ 4.0 ቮልት፣ 40 ኸርዙ 3.8 ቮልት ነው፤ እኩል ማለት ይቻላል። 30 ላይ 100 ኸርዙ 7.6 ሲደርስ 40 ኸርዙ 3.1 ላይ ቀርቷል። 8 ዴሲቤል ገደማ ቀንሷል ማለት ነው። ፋብሪካው ስስ የወረቀት ስፒከሮቹ እንዳይቀደዱ ድምፁ ከፍ ሲል ባሱን ሆን ብሎ ይቆርጣል። ሳብዉፈር ተገጥሞለት «ድምፁን ሳነሳ ባሱ ይጠፋል» የሚባልበት መኪና ብዙ ጊዜ ችግሩ ይኸው ነው፤ ሳብዉፈር ቢቀየርም አይፈታም።

መፍትሔው ሁለት መንገድ አለው። የተቆረጠውን ባስ መልሶ የሚያስተካክል ፕሮሰሰር በመሃል ማስገባት አንዱ ነው። ሁለተኛው ቴፑ ባሱን መቁረጥ ከሚጀምርበት በታች እንዲሠራ አድርጎ የጎደለውን ጉልበት ከአምፑ ጌይን (የሚገባውን ሲግናል ከሚያጎላበት መጠን) መውሰድ ነው። እዚህ እስከ 24 ድረስ ሲግናሉ ቀጥ ያለ ስለሆነ ሁለተኛው ተመረጠ። ዋጋው ሁለት ነው፦ ጌይኑ በ6 ዴሲቤል ከፍ ስለሚል ትንሽ ሽውታ ይጨምራል፤ ከ24 በላይ የሚያስኬድ ሰው ደግሞ አምፑን ወደ መቆረጥ ይከተዋል። መቁረጡ ከ12 ወይም ከ15 የሚጀምር ቴፕ ቢሆን ግን ያለ ፕሮሰሰር መሥራት አይመከርም።

የኃይል ገመድ

ስሌቱ ቀላል ነው። ሁለት 75 እና አንድ 200 ሲደመሩ 350 ዋት። ክላስ ዲ 80 በመቶ ያህል ብቃት ይዞ ሲሠራ ከባትሪው 437 ዋት ይጠይቃል፤ በ13.5 ቮልት ሲካፈል 32 አምፔር። በ5 ሜትር ላይ 21 ሚሊሜትር ካሬ መዳብ በዚህ አምፔር 0.13 ቮልት ይበላል። 8.4 ሚሊሜትር ካሬ (8 ጌጅ) ቢሆን 0.33፤ ያው ውፍረት በአሉሚኒየም ደግሞ ግማሽ ቮልት ገደማ። ሙዚቃ በአማካይ ከዚህ ስሌት ብዙ ያነሰ ቢጠይቅም፣ የባስ ምት በመጣ ቁጥር ቮልቱ የሚወርደው በዚያች ቅጽበት ነው፤ ባሱም የሚደክመው ያኔ ነው።

መጀመሪያ የባትሪው ኔጌቲቭ ተፈታ። ኤርባግ ያለበት መኪና ላይ በመሪውና በመቀመጫዎቹ አካባቢ ያሉ ቢጫ ሶኬቶችና ቢጫ ሽቦዎች ጨርሶ አይነኩም፤ ባትሪው ከተፈታ በኋላም የመኪናው መመሪያ የሚያዘውን ያህል ደቂቃ መጠበቅ ግድ ነው። ኮድ የሚጠይቅ ቴፕ ከሆነ ኮዱ ከመፈታቱ በፊት በእጅ መኖር አለበት።

ፊውዙ ከባትሪው ፖዘቲቭ 30 ሳንቲሜትር ላይ ተቀመጠ፤ 45 ሳንቲሜትር የመጨረሻው ርቀት ነው። ይህ ፊውዝ የሚጠብቀው ገመዱን ነው። አምፑ የራሱ 40 አምፔር ፊውዝ አለው። ገመዱ መሃል ላይ ተልጦ ላሜራ ቢነካ ይህ ፊውዝ ይቆርጠዋል፤ ከባትሪው እስከ ፊውዙ ያለው ክፍል ግን ምንም ጠባቂ የለውም፤ መኪና የሚቃጠለው በዚያ በኩል ነው። በሞተር ክፍሉ ግድግዳ ላይ አዲስ ቀዳዳ አልተበሳም፤ የፋብሪካ ሽቦዎች የሚያልፉበት ጎማ ላይ ትርፍ መውጫ ተገኝቶ በዚያ አለፈ። ቀዳዳ መብሳት ግድ ከሆነ በጀርባው ምን እንዳለ አይቶ መብሳት፣ የጎማ ቀለበት ማስገባት፣ የተላጠውን ላሜራ ቀለም መቀባት ያስፈልጋል። ገመዱ በሾፌሩ በኩል ከበሩ ደፍ ፕላስቲክ ሥር ወደ ዕቃ መጫኛው ሄደ፤ የሲግናል ገመዱ በተቃራኒው በኩል።

ግራውንድ

የመጀመሪያው የተሞከረ ነጥብ በዕቃ መጫኛው ጎን ላይ ያለ የፋብሪካ ብሎን ነበር። ብሎኑ የያዘው በነጥብ ብየዳ የተለጠፈ ቀጭን መደገፊያ ላሜራ ነው። በኦም መለኪያ 0.1 አሳየ፤ ጥሩ ይመስላል። የመልቲሜትሩ ሽቦዎች ራሳቸው ያን ያህል ስላላቸው ግን ይህ ንባብ ምንም አይነግርም። ትክክለኛው ፍተሻ አምፑ ጭነት ላይ ሆኖ የሚጠፋውን ቮልት መለካት ነው፦ አንዱ ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላው የአምፑ ግራውንድ ተርሚናል ላይ፣ የ50 ኸርዝ ድምፅ በሳብዉፈሩ እየተጫወተ። ንባቡ 0.38 ቮልት ነው። ከ0.1 በላይ ከሆነ ቦታው ይቀየራል።

አዲሱ ነጥብ ከወለሉ ዋና ላሜራ ላይ ነው። ቀለሙ እስኪያበራ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ተፋቀ፤ ባለ 8 ሚሊሜትር ብሎን፣ ጥርሳም ዋሸር እና ዳዶ ገቡ፤ ከታሰረ በኋላ ዝገት እንዳይይዘው ግሪስ ተቀባ። የገመዱ ርዝመት 40 ሳንቲሜትር፣ ውፍረቱ ከፖዘቲቩ ጋር እኩል። ንባቡ ወደ 0.06 ወረደ። ከመሰርሰር በፊት ከወለሉ ሥር የነዳጅ ታንኩና የፍሬን ቱቦው የት እንዳሉ ከታች ታይቷል። የመቀመጫ ቀበቶ ብሎን ለግራውንድ አይሆንም፤ ቀበቶው የሰው ሕይወት የሚይዝበት ነው፣ በብሎኑም ላይ ብዙ ጊዜ የመቆለፊያ ማጣበቂያ ስላለ መስመሩ ደካማ ነው።

ሲግናል

መካከለኛው የሽቦ ስብስብ በቴፑና በመኪናው ሶኬት መካከል ገባ። የፋብሪካ ሽቦ አልተቆረጠም፤ መኪናው ሲሸጥ ሁሉም ወደነበረበት ይመለሳል። ከስብስቡ ላይ የፊት ግራና የፊት ቀኝ አራት ሽቦዎች ተለይተው ከቴፑ ወደ አምፑ ከፍተኛ ሲግናል መግቢያ ሄዱ፤ በዚያው ባለ 9 ሽቦ ገመድ ላይ ሌሎች አራት ከአምፑ ወደ በሮቹ ተመለሱ። ዘጠነኛው ለሪሞት ነው። ቻናል 3 እና 4 ሲግናላቸውን ከፊት ቻናሎቹ እንዲወስዱ የአምፑ የመግቢያ ምርጫ ወደ 2 ቻናል ተደረገ።

ወደ በሮቹ አዲስ ሽቦ አልተሳበም። የፋብሪካው ሽቦ 0.75 ሚሊሜትር ካሬ ነው፤ 60 ዋት በ4 ኦም የሚጠይቀው 4 አምፔር ያልሞላ ነው። ለ3 ሜትር መንገድ የሚጠፋው 0.3 ዴሲቤል ገደማ ስለሆነ በጆሮ አይለይም። ለዚህ ብሎ የበሩን ጎማ መታገል አያስፈልግም።

ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ በቀለም ግምት አልተያዘም። ቴፑ ተነቅሎ፣ 1.5 ቮልት ባትሪ በስፒከሩ ሽቦዎች ላይ ለቅጽበት ነካ ሲደረግ ሾጣጣው ወረቀት ወደ ውጭ ከወጣ የባትሪው ፖዘቲቭ የነካው ሽቦ ፖዘቲቭ ነው። ትዊተር (ቀጭን ድምፅ የሚያወጣ ትንሽ ስፒከር) ብቻ ባለበት መስመር ይህ አይሠራም፤ እንቅስቃሴው አይታይም። በአንድ በኩል ተገልብጦ ከታሰረ ባሱ ይሳሳል፣ ዘፋኙም ከመሃል ይጠፋል።

ማገናኛዎቹ በሙሉ ተጨፍልቀው በሚኮማተር ቱቦ ተሸፈኑ። ሽቦን በጣት ጠምዝዞ ናስትሮ መጠቅለል ዳሽቦርድ ውስጥ አይሠራም፤ ሙቀቱ የናስትሮውን ሙጫ ያቀልጠዋል።

ሪሞት

ይህ አምፕ በሲግናል ሽቦው ላይ ያለውን 6.5 ቮልት አይቶ ራሱን ማብራት ይችላል። ተሞከረ፤ ቁልፉ ከወጣ በኋላ ግን የቴፑ ቺፕ በሩ እስኪከፈት በርቶ ይቆያል፣ አምፑም አብሮት። መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ለሚጠብቅ ሰው ባትሪ ይበላል። ስለዚህ ሪሞቱ ከፊውዝ ሳጥኑ፣ ቁልፉ ኤሲሲ (ሞተር ሳይነሳ ቴፕ የሚሠራበት ቦታ) ላይ ሲሆን ብቻ ኃይል ከሚያገኝ የሲጋራ መለኮሻ ፊውዝ ላይ፣ በቅጥያ ፊውዝ በ2 አምፔር ተወሰደ። ሪሞት የሚጠይቀው አምፔር በጣም ጥቂት ነው። ቅጥያው ሲሰካ አቅጣጫ አለው፤ ኃይል የሚመጣበት እግር ከተገለበጠ አዲሱ መስመር በአሮጌው ፊውዝ በኩል ያልፋል።

የመጀመሪያ ማብራት

የባትሪው ኔጌቲቭ ታስሮ በርቷል። ሪሞት ላይ 12.3 ቮልት፣ ፖዘቲቭ ላይ 12.5፣ የአምፑ መብራት አረንጓዴ። ድምፅ ለአፍታ መጥቶ ግን ከፊት በሮች ጠፋ፤ የኋላዎቹ ይጫወታሉ። ምክንያቱ ሲፈተሽ ቴፑ በፊት ቻናሎቹ ላይ ስፒከር ማየት አቁሟል። የአምፑ መግቢያ ተቃውሞ ከስፒከር እጅግ ስለሚበልጥ ቴፑ «ሽቦ ተበጥሷል» ብሎ ቻናሉን ዘጋው። በእያንዳንዱ የፊት ቻናል ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ መካከል ባለ 47 ኦም ሬዚስተር ታሰረ፤ ድምፁም የማስጠንቀቂያ ጩኸቶቹም ተመለሱ። ቴፑ 8.1 ቮልት ሲያወጣ ሬዚስተሩ 1.4 ዋት ያጠፋል፤ ባለ 10 ዋቱ የተመረጠው እንዳይግል ነው። ቢሆንም ከምንጣፍና ከፕላስቲክ ርቆ ከቴፑ ጀርባ ባለ ላሜራ ላይ ታስሯል። ሬዚስተሩ ሁልጊዜ አያስፈልግም፤ ስፒከር የማይፈትሽ ቴፕ ያለ እሱ ይሠራል።

ጌይን

የሚፈለገው ቮልት የዋትና የኦም ብዜት ስኩዌር ሩት ነው። ለበሮቹ 60 ሲባዛ በ4፣ ሩቱ 15.5 ቮልት። ለሳብዉፈሩ 200 ሲባዛ በ4፣ ሩቱ 28.3 ቮልት። ስፒከሮቹ ከአምፑ ተነቅለው፣ ሃይ ፓስ (ወፍራሙን ድምፅ የሚያግድ)፣ ሎው ፓስ (ቀጭኑን የሚያግድ) እና የባስ መጨመሪያው ሁሉ ጠፍተው፣ ሞተሩ ክፍት ቦታ ላይ እየሠራ፣ የቴፑ ድምፅ 24 ላይ ተቀመጠ። ለበሮቹ 100 ኸርዝ፣ ለሳብዉፈሩ 50 ኸርዝ ተጫወተ። ብዙ ርካሽ መልቲሜትሮች ኤሲ ቮልትን በትክክል የሚለኩት በዝቅተኛ ኸርዝ ስለሆነ 1,000 ኸርዝ ለዚህ አይመረጥም። ጌይኑ ከዜሮ ቀስ እያለ 15.5 ሲደርስ ቆመ፤ ሳብዉፈሩ ግን 27 ላይ ቆመ፤ ኦሲሎስኮፑ ላይ ሞገዱ ንጹህ ነው።

አንዳንድ ባለሙያ ይህን በ−5 ዴሲቤል ድምፅ ያደርገዋል። ለስለስ ብሎ የተቀዳ ሙዚቃ ጉልበት ያገኛል፤ አጥብቆ የተቀዳው ግን ይቆረጣል። በ60 ዋት የበር ስፒከር ላይ ይህን ማድረግ አይመከርም።

ክሮስኦቨርና አቅጣጫ

በሮቹ ሃይ ፓስ 80 ኸርዝ፣ ሳብዉፈሩ ሎው ፓስ 80 ኸርዝ። የባስ መጨመሪያው ዜሮ ላይ ቀረ፤ 6 ዴሲቤል መጨመር ከአምፑ አራት እጥፍ ጉልበት መጠየቅ ስለሆነ የጌይኑን ልክ ከንቱ ያደርገዋል። ከዚያ የ80 ኸርዝ ድምፅ እየተጫወተ የሳብዉፈሩ ሁለት ሽቦዎች ተገልብጠው ተነጻጸሩ። ከሾፌሩ መቀመጫ ሲሰማ የተገለበጠው በግልጽ ይበረታል፤ እንደዚያው ተተወ። ተርሚናሉ ላይ የተጻፈው ምልክት ምንም ይበል፣ በመቀመጫው ላይ ያለው ጆሮ ነው የሚወስነው።

የሞተር ድምፅ መቀነሻ ማይክሮፎኖች ያሉበት መኪና ከሆነ እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሲስተሙ የሳብዉፈሩን ባስ እንደ ጩኸት ቆጥሮ ሊታገለው ይችላል፤ ያለ ምክንያት የሚመጣ ረጅም ጉምጉምታ ምልክቱ ነው። ይህ መኪና የለውም።

ፉጨት

ሞተሩ ሲነሳ ቀጭን ፉጨት ተሰማ፤ ነዳጅ ሲሰጠው አብሮ ይወጣል። የቴፑ ድምፅ ዜሮ ሲሆንም አልጠፋም። የሲግናል ሶኬቱ ከአምፑ ሲነቀል ፍጹም ጸጥ አለ፤ ስለዚህ የአምፑ ኃይልና ግራውንድ ንጹህ ናቸው፣ ጫጫታው በሲግናል ገመዱ ነው የሚገባው። ሶኬቱ ተነቅሎም ቢቀጥል ኖሮ ፍተሻው ወደ ግራውንዱ ይመለስ ነበር። ገመዱ ሲከተሉት ከኋላ መቀመጫው ሥር አንድ ሜትር ያህል ከኃይል ገመዱ ጋር ጎን ለጎን ተኝቷል፤ ምንጣፉ ሥር ያለው ቦይ አንድ ስለሆነ ነው። ሲግናሉ ወደ ሌላ መስመር ወጣ፤ መሻገር ባለበት አንድ ቦታ ቀጥ ባለ መስቀል ተሻገረ፤ የፖዘቲቭና የኔጌቲቭ ጥንዶቹም እርስ በርስ ተጠመዘዙ። ፉጨቱ ጠፋ።

ስልክ ቻርጅ እየተደረገ በገመድ ሲያጫውት ብቻ የሚመጣ ፉጨት ሌላ ጉዳይ ነው። ግራውንዱ በቻርጀሩም በድምፅ ገመዱም ስለሚዞር ነው፤ አይሶሌተር (ይህን የግራውንድ ዙር የሚያቋርጥ ዕቃ) የሚገባው እዚያው የስልኩ ገመድ ላይ ነው። አምፑ ላይ አይሶሌተር መሰካት መንስኤውን ሳይነካ ባሱን ያሳሳል።

የመጨረሻ ንባቦች

በሙሉ ጭነት ባትሪው ላይ 14.2፣ አምፑ ላይ 13.9 ቮልት። ከአንድ ሰዓት ጨዋታ በኋላ አምፑ እጅ ያስችላል፤ በዙሪያው 5 ሳንቲሜትር የአየር ቦታ ተትቷል፣ የታሰረውም በእንጨት ላይ ነው፣ ከላሜራው ጋር አይነካካም። መኪናው ተቆልፎ ከተኛ በኋላ ከባትሪው የሚወጣው ከሥራው በፊት 28፣ አሁን 30 ሚሊአምፔር ነው፤ ከ50 በታች እስከሆነ ድረስ ችግር የለም።

ቀሪ ሥራ፦ የገመዶቹ ተርሚናሎች ከሁለት ሳምንት መንዳት በኋላ ዳግም ጠበቅ ተደርገው ይታሰራሉ፤ በተለይ የባትሪው ራስና የግራውንዱ ዳዶ። ከቴፑ ጎን «ከ24 በላይ አይኬድ» የሚል ትንሽ ምልክት ይለጠፋል። የሬዚስተሮቹ ቦታ፣ የፊውዞቹ መጠንና የሽቦዎቹ ቀለም በወረቀት ተጽፎ ከመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ጋር ይቀመጣል።